በባለቤቴ ቀብር ላይ የተነበበው የሌላ ሰው ታሪክ

በባለቤቴ የቀብር ዕለት የተነበበው የሕይወት ታሪክ የእሱ አልነበረም። እሱ ራሱ ሲጽፈው የቆየ፣ እኛ ሳንወለድ ብዙ ዘመን ቀድሞ የሞተ የአንድ አሜሪካዊ ቀያሽ ታሪክ ነበር። ይህን የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው። አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር እጽፋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ብዕሩን አንሥቼ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

ባለቤቴም አገር ቤት ሳለ ቀያሽ ነበር። መንገድ ከመሠራቱ በፊት ቀድሞ ይሄዳል፤ ባለ ሦስት እግር መሣሪያውን ተክሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል፤ ችካል ያስመታል። ዲቪ ደርሶን ላስ ቬጋስ ከመጣን በኋላ ግን ያን ሥራ አላገኘውም። መጀመሪያ ኖርዝ ላስ ቬጋስ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲጭንና ሲያወርድ ከረመ፤ ከዚያ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ እንግዶችን ከኤርፖርት ሆቴል የሚያመላልስ ሻትል ነዳ። በቤተ ክርስቲያናችን ሰው ሁሉ “ኢንጂነር” ይለው ነበር። እሱ ደግሞ አይተውም፤ “ኢንጂነር አይደለሁም፣ ቀያሽ ነኝ” ብሎ ያርማል። ወጣቶቹ ይህን ሲሰሙ ይሳሳቃሉ። በእነሱ ቋንቋ ቀየሰ ማለት ሹልክ ብሎ ሄደ፣ ጠፋ ማለት ነው።

“ጋሼ፣ ከየት ነው የቀየሱት?” ይሉታል።

“ከሚስቴ” ይላል ሳይስቅ። “ግን ሁልጊዜ ታገኘኛለች።”

አሜሪካዊውን ያገኘው በሥራ ላይ ነው። አንድ ሆቴል በር ላይ ሻትሉን አቁሞ መንገደኞች ሲጠብቅ ውሃ ሊጠጣ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ አሮጌ ካርታ ያያል። ካርታው አሁን እኛ የምንኖርበትን አገር ያሳያል፤ ከተማው ግን ገና የለበትም። ተራሮች አሉ፣ ምንጮች አሉ፣ በቀጭን ብዕር የተሠመሩ ደረቅ ወንዞች አሉ። መሐሉ ላይ አንድ ትልቅ ቦታ ምንም ሳይጻፍበት ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ያን ቀን ቤት ሲገባ ኮቱን ሳያወልቅ ስለዚያ ነጭ ቦታ ነገረኝ። “ካርታውን የሠራው ሰውዬ እዚያ አልደረሰም ማለት ነው” አለ። “ሌላ ሰው ቢሆን ተራራ ሥሎ ያልፍ ነበር።”

ከዚያ በኋላ የዕረፍት ቀኑን ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማሳለፍ ጀመረ። እንግሊዝኛው ቀርፋፋ ነበር፤ አንዱን ገጽ ሲያነብ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ሲመለስ ሁሉንም ለእኔ ይተርክልኛል። ሰውየው የገበሬ ልጅ ነው። ክረምት ሲሆን የሰፈሩ ወንዝ በረዶ ይሠራል፤ በረዶው ላይ እየተራመደ ትምህርት ቤት ይሄዳል። በጉርምስናው የመሬት መለኪያ ሰንሰለት ጫፍ ይዞ በመጎተት ሙያውን ተማረ። ኋላ ከወታደሮች ጋር ወደ ምዕራብ ተላከ፤ ይህን በረሃ በበቅሎና በእግር ለካው። የተራራውን ከፍታ የሚያውቀው የአየሩን ክብደት በሚለካ መሣሪያ ነበር፤ መሣሪያው ብርጭቆ ስለሆነ እንደ ሕፃን ልጅ ታቅፎት ይሄዳል። ሸምግሎ ዋና ከተማ ቢሮ ውስጥ ተቀመጠና ሌሎች ለክተው የሚያመጡትን ካርታ አድርጎ ሲሥል ዓይኑ ደከመ። የሞተው በኪራይ ክፍል ነው። ከእሱ ኋላ የመጡ ሰዎች በተሻለ መሣሪያ ለክተው የእሱን ካርታ ከሥራ ውጭ አደረጉት። ባለቤቴ ይህን የመጨረሻውን ሲነግረኝ ድምፁ ዝቅ ይላል።

ይህን ሁሉ በአማርኛ ሊጽፍ ተነሣ። እኔ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ነው ጉልበቴን የጨረስኩት፤ ስለዚህ የእሱን ገጾች የማርመው እኔ ሆንኩ። በአንድ ጣቱ ኮምፒዩተር ላይ ይጽፋል፣ ያትማል፣ ከቀይ እስክሪብቶ ጋር ፊቴ ያስቀምጣል። ስለ ሰውየው “እሳቸው” እያለ ነው የሚጽፈው፤ አንድ ጊዜም “አንቱታው ይቅር” ብዬው ተቆጥቶኛል። የሰውየውን ስም ግን አይጽፍም። ስሙ በሚገባበት ቦታ ሁሉ ሰረዝ አስምሮ ያልፋል።

“ስሙን ጻፈው እንጂ” አልኩት።

“እንዴት ብዬ? እነሱ ሲጠሩት ሌላ ነው፣ በፊደል ስጽፈው ሌላ ይሆናል። ልጅሽን ጠየቅኋት፣ እሷ ደግሞ ሦስተኛ አመጣች።”

“ዓመተ ምሕረቱስ?”

“በነሱ ልጻፍ በእኛ? በነሱ ብጽፍ አንባቢዬ ይምታታበታል። በእኛ ብጽፍ ሰውየውን ባልኖረበት ዘመን ልከተው ነው።”

“እና ባዶ ይቅር?”

“እስክወስን ነጭ ይቆይ። የእኛ ሰውዬ ያላየውን አልሞላም።”

ሳይወስን ሞተ። በበጋው ሙቀት አንድ ጠዋት ጺሙን ሊላጭ መታጠቢያ ቤት ገብቶ አልወጣም። ውሃው ሲፈስ ይሰማኛል፤ ውሃ ያባክናል ብዬ በልቤ ተነጫነጭኩ። ስለዚያ ጠዋት ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ልጃችን አንድ ናት። እዚህ ስንመጣ ገና ሕፃን ነበረች፤ አሁን ሰዘርን ሃይላንድስ ትኖራለች፣ ሆስፒታል ትሠራለች። አማርኛ ትናገራለች፤ ፊደሉን ግን እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ አንድ በአንድ እየቆጠረች ነው የምታነበው። የቀብሩን ነገር ሁሉ የተሸከመችው እሷ ናት። በዋዜማው ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቶ ሳለ አጠገቤ መጥታ ተንበረከከችና ጠየቀችኝ።

“ማሚ፣ ዳዲ የሕይወት ታሪኩን ጽፎት ነበር?”

“አዎ፣ ጀምሮት ነበር” አልኳት። “አልጨረሰውም።”

ዕድሜ ልኬን የሰው አማርኛ ሳርም ኖሬ በዚህች ቃል ተሰናከልኩ። “ታሪኩ” ሲባል የራሱ ታሪክ ማለት ይሆናል፤ አስቀድመን የምናውቀው ያ ታሪክ ማለትም ይሆናል። እኔ ስለ ቀያሹ የጠየቀችኝ መሰለኝ፤ እሷ የጠየቀችኝ ስለ አባቷ ነበር። ሄዳ ኮምፒዩተሩን ከፈተች፣ “የሕይወት ታሪክ” የሚለውን ፊደል ቆጥራ አገኘች፣ የመጀመሪያዎቹን ገጾች አተመች። እኔ ለቀብሩ ስለ እሱ በእጄ የጻፍኩት ግማሽ ገጽ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ጠዋት ለማንም መስጠቴን ረሳሁ።

ያነበቡት አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። ድምፃቸው ጥሩ ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ እሳቸው ያነባሉ። ወረቀቱን ከልጄ ተቀብለው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ስሙ ባዶ የሆነበት ቦታ ሲደርሱ ያለ ምንም ማመንታት የባለቤቴን ስም አስገቡበት። ዓመቱ ባዶ የሆነበት ቦታ ሲደርሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው አለፉት።

“ወንድማችን በልጅነታቸው ወንዙ በበረዶ ሲጋገር በላዩ እየተራመዱ ይማሩ ነበር” ሲሉ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

“ናዝሬት አይደለም እንዴ የተወለዱት?”

“ነው።”

“ናዝሬት በረዶ አለ?”

“ድሮ ይኖር ይሆናል። ዝም በል አሁን።”

እኔ የሽማግሌውን ድምፅ የምሰማው ከግድግዳ ማዶ እንደሚያወራ ሰው ነበር። ሬሳው ፊት ተቀምጦ ቃል በቃል የሚያዳምጥ የለም። ሽማግሌው ቀጠሉ። “በወጣትነታቸው አገር ቀየሱ” አሉ። “በረሃውን በበቅሎና በእግር አቋረጡ። ፀሐይ ሲበረታ በቋጥኝ ጥላ ሥር ይተኛሉ፣ ሲመሽ ይጓዛሉ። ከጓደኞቻቸው መካከል እዚያው አሸዋ ውስጥ የቀሩ አሉ። አንድ ቀን ውሃ አለቀባቸው።” ባለቤቴ “ውሃ ጨረሱ” ብሎ ነበር የጻፈው። “አለቀባቸው” የምትለውን በቀይ እስክሪብቶ የጻፍኳት እኔ ነኝ። ምን እየተነበበ እንደሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ዞር ብዬ አየሁ። ሰው ሁሉ ያለቅስ ነበር። እስከዚያች ደቂቃ የጨዋ ለቅሶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ሴቶቹ ድምፅ አወጡ፣ ትልልቅ ወንዶች ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ለምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ግማሹ ሰው በሱዳን በረሃ በእግሩ የወጣ ነው። ማታ እየሄዱ፣ ቀን ተደብቀው እየተኙ፣ ጓደኛ አሸዋ ውስጥ ትተው። “አገር ቀየሱ” ሲባል የሰሙት መሬት ለኩ የሚለውን አይደለም፤ አገር ጥለው ጠፉ የሚለውን ነው። ልጄም አጠገቤ ታለቅሳለች። አፌን ከፍቼ “ይቁም” ልል ሞከርኩ። አየር እንጂ ቃል አልወጣኝም።

በማግሥቱ ሴንቴኒያል ሂልስ ያለው ቤታችን ሲሞላና ሲጎድል ዋለ። የሚያጽናናኝ ሁሉ በዚያ በረሃ ነው የሚያጽናናኝ።

“ጋሼ እኮ ሁልጊዜ ‘እኔ የዲቪ ነኝ፣ በአውሮፕላን ነው የመጣሁት’ ይሉን ነበር” አለ አንዱ።

“ትሕትና ነው” አለው ሌላው። “ያየ ሰው አያወራም። አንተ ካርቱም ሁለት ሳምንት ተቀምጠህ ስንት ዓመት አወራህልን።”

“ሁለት ሳምንት? የታሰርኩበትን ቁጠርልኝ እንጂ።”

ሳቁ፤ ሳቃቸውን አይተው ወደ እኔ ዞሩና አቀረቀሩ። አንዲት በመዘምራን ውስጥ ያለች ሴት እጄን ይዛ አልለቅም አለች። “በመተማ ነው የወጡት በሁመራ?” አለችኝ። መልስ ሳልሰጣት “ተዪው፣ አታስታውሺው” ብላ አቀፈችኝ።

ይህን ያህል የከበደኝ ለምን እንደሆነ ልናገር። ባለቤቴ እነዚህ ሰዎች የበረሃቸውን ነገር ሲያወሩ ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ የሚስብ ሰው ነበር። መኪና ውስጥ ስንገባ “እኔ እኮ ጭማቂ እየጠጣሁ ነው የመጣሁት” ይለኛል። በእነሱ ፊት ስለ ጉዞ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም፤ ያልከፈለበትን እንዳይወስድ ይጠነቀቃል። አሁን ሞቶ መከላከል በማይችልበት ጊዜ የሁለት ሰው መከራ ደረቡበት፤ የአሜሪካዊውንም የእነሱንም። የእሱ የራሱ ኑሮ የት ገባ ብዬ ስፈልግ የለም። ማንም ስለ ሻትሉ አያነሣም። ማንም ስለ ቀየሰው መንገድ አይጠይቅም።

ወራት አለፉ። ሰው ሲመጣ እቀበላለሁ፣ ሲሄድ በሩን እዘጋለሁ፤ ስለተነበበው ታሪክ የማነሣው ነገር አልነበረም። አንድ ቅዳሜ ልጄ ከሺፍቷ ወጥታ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር መጣች። የመቃብሩን ድንጋይ አዝዛ ነበር። ስልኳን አውጥታ የሚቀረጸውን አሳየችኝ። ስሙ አለ፤ ከሥሩ በእንግሊዝኛ አንድ መስመር አለ። በረሃውን በእግሩ ያቋረጠ ሰው የሚል ነው።

“አፕሩቭ ካደረግን ሰኞ ይጀምራሉ” አለችኝ። “ቆንጆ ነው አይደል?”

ወሬ ሊረሳ ይችላል። ድንጋይ ግን ከእኔ ኋላም ይቆማል፤ እሷ ልጅ ስትወልድ ልጁን ወስዳ የምታሳየው እሱን ነው።

“ያ ዳዲ አይደለም” አልኳት።

“የቱ?”

“በረሃውን ያቋረጠው። ያ የካርታው ሰውዬ ነው። አባትሽ ሲጽፈው የነበረው፣ ስሙን እንዴት እንደሚጠሩት የጠየቀሽ አሜሪካዊ።”

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋችው።

“ኖ፣ ማሚ። ሰው ሁሉ አልቅሷል እኮ።”

“አልቅሷል።”

“እኔም አልቅሻለሁ። ቤቴ ሄጄ ራሱ፣ በቃ፣ ለምን አልነገረኝም እያልኩ። በማላውቀው ሰውዬ ነው ያለቀስኩት?”

ወንበሬን ወደ እሷ አስጠጋሁ።

“ለምን ያኔ አልተናገርሽም?”

“አልቻልኩም፣ ልጄ። ልናገር ስል ድምፅ የለኝም ነበር።”

“እሺ ዳዲስ እንዴት ነው የመጣው?”

“በአውሮፕላን። አንቺን ታቅፎ። መንገድ ላይ ሸሚዙ ላይ አስመለስሽበት፤ ቅያሪው ሻንጣ ውስጥ ነበር። ቬጋስ እስክንደርስ ሰው ከአጠገባችን እየተነሣ ሌላ ወንበር ፈለገ።”

ልትስቅ ፈልጋ አፏ ተጣመመ፤ ሳቁ ግን አልመጣም። እኔ የጻፍኩትን እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ግማሿን ገጽ ከቦርሳዬ ኪስ አውጥቼ አነበብኩላት። የት ተወለደ፣ የት ተማረ፣ የት ሠራ፣ መቼ አገባ። ስጨርስ ቀና ብላ አየችኝ።

“ይሄ እኮ የሥራ ማመልከቻ ሬዙሜ ነው፣ ማሚ” አለች። ለክፋት አልነበረም። እውነቷን ነው።

ሰኞ ዕለት ቅርጹን አስቆመችው። እኔም ለሽማግሌው ደወልኩላቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው።

“ክፍት ቦታ ሳይ በለቅሶ ተቻኩላችሁ የረሳችሁት መስሎኝ ነው የሞላሁት፣ እትዬ” አሉ።

“አውቃለሁ። ማንም ቢሆን ይሞላዋል።”

“እርስዎ ካልፈለጉ እኔ አልናገርም። ሰው ተጽናንቶበታል። ብንተወውስ?”

ልተወው ፈልጌ ነበር። ደክሞኝ ነበር። ግን ባለቤቴ ወንበሩን ወደ ኋላ ሲስብ ታየኝ።

“ይናገሩት” አልኳቸው። “እሱ በሕይወት ቢኖርና ይህን ቢሰማ ዳግመኛ እዚያ ቤተ ክርስቲያን አይገባም ነበር።”

እሑድ ከማስታወቂያዎቹ ጋር ተናገሩት። የወጣቶች ጉባኤ የሚጀምርበት ሰዓት፣ የመኪና ማቆሚያው ጉዳይ፣ ከዚያ የባለቤቴ ነገር። በጥቂት ቃላት ነበር፤ ጥፋቱንም ወደ ራሳቸው ወሰዱት። ከኋላ ወንበር አንድ ሁለት ሰዎች ሳቁ፤ የናዝሬቱ በረዶ ትዝ ብሏቸው ይሆናል። ያች የመዘምራን ሴት ወደ እኔ አላየችም። ስንወጣ ግን መኪናችን ድረስ ተከተለችኝ።

“ልንገርሽ አይደል” አለችኝ። “እኔ ያን ቀን በባልሽ አይደለም ያለቀስኩት። ወንድሜ ነው። እዚያ ነው የቀረው። ‘ውሃ አለቀባቸው’ ሲሉ ያዘኝ።”

“ምንም አይደል” አልኳት።

“ሰው ሞቶብሽ የራሴን ሰው አለቀስኩብሽ። ይቅር በይኝ።”

አቀፍኳት። እሷን ስለ ወንድሟ አንድ ነገር መጠየቅ ነበረብኝ፤ ልጄ ሞተሩን አስነሥታ ትጠብቀኝ ነበር፤ ሳልጠይቃት ገባሁ።

ከዚያ እሑድ በኋላ ስለ ባለቤቴ የሚያነሣልኝ ሰው ቀነሰ። አልተቀየሙም፤ ሲያገኙኝ ይስሙኛል፣ እንዴት ሰነበቱ ይሉኛል። የሚሉት ነገር ግን የላቸውም። በቅሎውና አሸዋው ሲወጣ የቀረው እንደማንኛቸውም የኖረ፣ ሠርቶ የገባ፣ ቲፕ ሲሰጡት አመስግኖ የተቀበለ አንድ ሰው ነው። ስለ እንዲህ ያለ ሰው ምን ይወራል? ካርታው የተሻረበትን የአሜሪካዊውን መጨረሻ ሲነግረኝ ባለቤቴ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው ለምን እንደሆነ አሁን ይገባኛል። ድንጋዩ ላይ ስሙና ሙያው ተጽፏል። ልጄ ሙያውን በአማርኛ ፊደል ይሁን አለች፤ ቀራጩ እንዳይሳሳት እኔ አረምኩት።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ስለ አባቷ አንድ ነገር ትጠይቀኛለች፤ የማውቀውን እነግራታለሁ፣ የማላውቀውን አላውቅም እላታለሁ። የማላውቀው ካሰብኩት በላይ ብዙ ነው። የመጀመሪያ ሥራው ላይ አለቃው ማን እንደነበረ አላውቅም። ከእኔ በፊት ማንን እንደወደደ አላውቅም። እሷም እኔ ያልሰማሁትን ታመጣለች፤ መኪና ሲያስተምራት መንገዱ የታጠፈበት ቦታ ሁሉ አስቁሞ “ለምን እዚህ ጋ የታጠፈ ይመስልሻል?” እያለ ያሰለቻት እንደነበረ ነገረችኝ። “ከኋላ ሰው ክላክስ ያደርግብኛል፣ እሱ የጎርፍ መውረጃ ያሳየኛል” አለች።

ባለፈው ቅዳሜ የጫማ ቁጥሩን ጠየቀችኝ። ለምን እንደፈለገችው አልነገረችኝም፤ ምናልባት ዝም ብላ ነው። አርባ ሁለት ልል አፌን ከፈትኩና ቆምኩ። አርባ ሦስትም ይመስለኛል። ለዚያ ሁሉ ዓመት ጫማውን ከበር ላይ አንሥቼ ወደ ቦታው የመለስኩት እኔ ነኝ። ጫማዎቹን ግን በለቅሶው ሰሞን ሰጥተናቸዋል፤ ለማን እንደሰጠናቸው ሁለታችንም አናስታውስም። “አርባ ሦስት ይሆናል” አለች። “እግሩ ረጅም ነበር።” እኔ ደግሞ አጭር እግር ይመስለኝ ነበር። እየተከራከርን አመሸን፤ ልንስማማ አልቻልንም።